የደቻቱ ወንዝ ዳርና የመንግሥት ገንዘብ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

“ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል” ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል ለድሬዳዋ ሰው ከምሳሌነት ያለፈ ነገር ነው። በከተማችን መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ከዓመቱ ወራት በሚበዙት ውሃ የሌለበት ሰፊ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገርበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ነጋዴ ዕቃውን ያነጥፍበታል። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው በአሸዋው ላይ ቆሞ “ወንዙ የት ነው?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ይህ ዝም ያለ አሸዋ በአንዲት ሌሊት ባሕር ሊሆን እንደሚችል ከተማችን በብዙ ሕይወት ዋጋ ተምራለች።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለማስረዳት እሞክራለሁ። አንደኛው፥ ደረቅ ወንዝ እንዴት አድርጎ እንደሚገድል ነው። ሁለተኛው፥ የወንዝን ዳር ለማዳንና ለማልማት ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያስፈልግ ነው። ሦስተኛው ደግሞ፥ ይህን ሥራ አንድ ከተማ ብቻውን ሊወጣው የማይችለው ለምን እንደ ሆነና የመንግሥት ገንዘብ በምን መንገድ ሊመጣ እንደሚገባው ነው። ነገሩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከጓደኞቼ ጋር ባደረግነው ክርክር ብዙዎቻችን ጎርፍን እንደ እግዚአብሔር ቍጣ ብቻ፥ ግድግዳን ደግሞ እንደ ሙሉ መድኃኒት አድርገን ስንናገር መስማቴ ነው። ሁለቱም አሳብ ጕድለት አለበት።

ስለ ከተማዋ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቆጣጠር 1902) ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር ይሂድ ቢባል ተራራውን መውጣት ግድ ስለሚሆን፥ በተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ በመጀመሪያም “አዲስ ሐረር” ተባለ። ከደቻቱ በአንደኛው ወገን ቀጥ ያሉ መንገዶችና የዛፍ ጥላ ያለበት ከዚራ ተሠራ፤ በሌላው ወገን ደግሞ የገበያው ሰፈር መጋላ አደገ። እንግዲህ ወንዙ ከመጀመሪያው ጀምሮ የከተማዋ ወሰን ሳይሆን የከተማዋ እምብርት ነበረ ማለት ነው።

ከተማዋን የፈጠረው ምክንያት የጎርፉም ምክንያት ነው። በተራራ ሥር ያለ ሜዳ ለባቡር ይመቻል፤ ነገር ግን ከተራራው የሚወርደው ውሃ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፥ በደቡብ በኩል ያለው የሐረርጌ ደጋ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ውሃው ይህን ሁሉ ከፍታ የሚወርደው በአጭር መንገድ ነው።

የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፥ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ፥ የደቻቱና የጎሮ ወንዞች ሞልተው ከዳራቸው ወጡ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የደረሱበት ያልታወቀም ብዙ ነበሩ፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱን አጥቶ ተፈናቀለ። በዚያው ክረምት በነሐሴ ወር የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰዎችን ስለ ገደለ፥ ዓመቱ በአገራችን የጎርፍ ታሪክ ውስጥ ክፉ ዓመት ሆኖ ቀርቷል።

እኔ በዚያን ጊዜ አልተወለድሁም። ስለዚህ በጉዳዩ ያለኝ እውቀት ከንባብና ከጎረቤቶቻችን አፍ የሰማሁት ነው። በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ አዛውንት “አባባ፥ ዝናቡ ያን ያህል ከባድ ነበር?” ብዬ ብጠይቃቸው፥ “አይ ልጄ፥ የእኛን ጣራ የመታው ዝናብ አይደለም የገደለን። ዝናቡ እዚያ ላይ ይዘንባል፤ ውሃው እዚህ ይመጣል” አሉኝ። ይህ አጭር መልስ የነገሩን ሁሉ ቍልፍ የያዘ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ደረቅ ወንዝ እንዴት ይገድላል?

የአዛውንቱን ቃል በሒሳብ እንየው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፥ የውሃው መጠን 1,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። አሁን ለምሳሌ ያህል ብቻ፥ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ተራራማ አገር ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ እንበል፤ ይህ 4,000,000 ሜትር ኩብ ነው። ከዚህ ግማሹን አፈሩ ቢጠጣው እንኳ 2,000,000 ሜትር ኩብ ወደ ታች ይወርዳል። በ3 ሰዓት ውስጥ ያልቃል ብንል፥ በእያንዳንዱ ሴኮንድ ከ180 ሜትር ኩብ በላይ ያልፋል ማለት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። እንግዲህ በየሴኮንዱ 180 ቶን የሚሆን ነገር በአንድ ቦታ ሲያልፍ ቆሞ የሚጠብቀው የጭቃ ቤት ምን ይሆናል? በዚህ ላይ የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን በፊዚክስ ትምህርታችን ተምረናል፤ የወረደው ውሃም ድንጋይና ግንድ እየተሸከመ ነው የሚመጣው።

ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ሰው ሊለውጠው የሚችለው አንድ ቍጥር አለ፤ እርሱም አፈሩ የሚጠጣው ውሃ መጠን ነው። ተራራው ደን ለብሶና እርከን ተሠርቶለት ሳለ ዝናቡ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ዛፉ ሲቈረጥና አፈሩ ሲታጠብ ግን መሬቱ እንደ ቆርቆሮ ጣራ ይሆናል፤ የወደቀበትን ሁሉ ወዲያው ያወርዳል። ያን ጊዜ ቀስ ብሎ ይወርድ የነበረው ውሃ ፈጥኖ ይደርሳል።

ሌላው ምክንያት የአየር ንብረት መለወጥ ነው። ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፥ አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ዓለማችን ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። ስለዚህ ድርቁ በሚጸናበት አገር እንኳ፥ ዝናቡ በመጣ ጊዜ እንደ ዱላ ሊመጣ ይችላል። አባቶቻችን በልምድ ያወቁት የወንዝ ልክ ለልጆቻቸው ልክ ላይሆን ይችላል።

ምን ዓይነት ሥራ ያስፈልጋል?

ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ለተፈናቀሉት ቤቶች ተሠሩ፤ በደቻቱም ዳር የድጋፍ ግንብ ተገነባ። ይህ ሥራ መልካም ነው። ነገር ግን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ እንደ ገና በድሬዳዋ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ከዚህ የምንማረው ግንብ ከአራቱ ሥራዎች አንዱ ብቻ መሆኑን ነው። አራቱም እነዚህ ናቸው፤

1ኛ፤ የላይኛው ሥራ። ይህም በተራራው ላይ እርከን መሥራት፥ ዛፍ መትከል፥ ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር መያዝ፥ የተጎዳውንም ቦታ ከከብት መከልከል ነው። ይህ ሥራ ጎርፉን ከመወለዱ በፊት ያሳንሰዋል። ከዚህም በላይ የሰረገው ውሃ ተመልሶ ለጕድጓድና ለምንጭ ስለሚሆን፥ በውሃ እጥረት ለምትቸገረው ከተማችን እጥፍ ጥቅም አለው።

2ኛ፤ የዳሩ ሥራ። ይህ የድጋፍ ግንብና ጋቢዮን የሚባለው በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ግንብ በተሠራ ጊዜ ሰው “እንግዲህ ምን አለብኝ” ብሎ ከግንቡ ሥር ቤት ይሠራል። ግንቡ የተሠራለትን ልክ የሚያልፍ ጎርፍ በመጣ ቀን ግን ከግንቡ በፊት ይሞት ከነበረው የበለጠ ሰው ሊሞት ይችላል። ደግሞም ወንዙ በጠበበ ቍጥር ውሃው ይፈጥናል፤ የፈጠነውም ውሃ ከታች ያለውን ጎረቤት ይመታል።

3ኛ፤ ቦታ መተው። ወንዙ በዓመት አንድ ቀን የሚፈልገውን ሥፍራ በ364ቱ ቀን ሰው እንዲጠቀምበት አድርጎ ማልማት ይቻላል። የዛፍ ጥላ፥ የእግር መንገድ፥ የኳስ ሜዳ፥ ተነሥቶ የሚሄድ ገበያ ሊሆን ይችላል። ጎርፉ ቢመጣ የሚወስደው አግዳሚ ወንበር እንጂ የተኛ ሕፃን አይሆንም። የወንዝ ዳር ማልማት ማለት ለመዝናኛ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው፤ በደንብ የታሰበበት መናፈሻ ራሱ የጎርፍ መከላከያ ነው።

4ኛ፤ ማስጠንቀቂያ። ዝናቡ ላይ ዘንቦ ውሃው ታች እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ አለ። ያችን ጊዜ ለመጠቀም ከላይ ዝናቡን የሚለካ፥ በስልክ የሚያስታውቅ፥ ከታች ደግሞ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ ማጉያ ሕዝቡን የሚቀሰቅስ ሰው ያስፈልጋል። ከአራቱ ሥራዎች ርካሹ ይህ ነው።

ገንዘቡ ለምን ከመንግሥት ይመጣል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። ከተማው በራሱ ገንዘብ ለምን አይሠራውም? መልሱ በወንዙ መልክዓ ምድር ውስጥ አለ። የተፋሰሱ ከፊል በድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች፥ ከፊሉ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል በምሥራቅ ሐረርጌ ነው። እርከን መቈፈር ያለበት የላይኛው ገበሬ ነው፤ ከሞት የሚድነው ግን የታችኛው ከተሜ ነው። ገበሬው ከማሳው ላይ ለእርከን መሬት ሲሰጥና ጕልበቱን ሲያፈስ ማን ይከፍለዋል? የድሬዳዋ አስተዳደር በሌላ ክልል ውስጥ ገብቶ እንደ ልቡ አያዝዝም፤ ክልሉም የከተማውን ጎርፍ የመጀመሪያ ሸክሙ አያደርገውም። ስለዚህ ከሁለቱም በላይ የሆነና ሁለቱን የሚያስማማ እጅ ያስፈልጋል። ይህ እጅ የፌዴራሉ መንግሥት ነው።

ድሬዳዋ በአዋጅ ቍጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር ያላትና ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። ለሥራዋ የሚሆን ገንዘብ በሦስት መንገድ ታገኛለች፤ ከራሷ ግብርና ቀረጥ፥ ከፌዴራሉ መንግሥት የድጎማ በጀት፥ ከውጭ በብድርና በእርዳታ ከሚመጣ ገንዘብ። ለሦስተኛው ምሳሌ የሚሆነው የዓለም ባንክ ለአገራችን ከተሞች የሰጠው ብድርና እርዳታ ነው። ይህ ፕሮግራም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በ150 ሚሊዮን ዶላር ተጀምሮ፥ በ2014 ለ44 ከተሞች 380 ሚሊዮን፥ በ2018 ደግሞ ለ117 ከተሞች 600 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለታል። ገንዘቡም ለመንገድ፥ ለጎርፍ መውረጃ ቦይና ለመሳሰለው የከተማ ሥራ የሚውል ነበር። በዚህ አሠራር ደስ ያለኝ ነገር፥ ገንዘቡ ለሁሉም ዝም ብሎ አለመታደሉ ነው፤ ዕቅዱን ከሕዝብ ጋር የመከረ፥ ሒሳቡን ያስመረመረና ሥራውን ያሳየ ከተማ የተሻለ ያገኝ ነበር።

ከሌላ ቦታ የሚገኝ ትምህርት

በአሜሪካ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በ1981 (በኤውሮፓ አቆጣጠር) የወንዝ፥ የሐይቅና የባሕር ዳር ቦታዎችን ለማደስ አንድ ሕግ አወጣ። የሕጉ አሳብ ቀላልና ብልህ ነው። ግዛቱ መንደሮቹን “ይህን ሥሩ” ብሎ አያዝዝም። በውሃ ዳር ያለ ከተማ ወይም መንደር የራሱን የውሃ ዳር ዕቅድ ያዘጋጃል፤ ግዛቱ መርምሮ ያጸድቀዋል። ከጸደቀ በኋላ የግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ከዚያ ዕቅድ ጋር የሚስማማ ሥራ እንዲሠሩ ይገደዳሉ። ገንዘብም ከግዛቱ ይሰጣል፤ መንደሩ ደግሞ ከራሱ ድርሻ ያዋጣል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ማለት ይህ ነው።

ሳንዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በጥቅምት ወር 2012 ባሕሩን ወደ ኒው ዮርክ ከተማ በገፋው ጊዜ በዚያች ሀብታም ከተማ 43 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ስታተን አይላንድ በሚባለው ክፍል፥ ኦክውድ ቢች በተባለ ሰፈር፥ ግዛቱ ለመልቀቅ የወደዱትን ሰዎች ቤት ከጎርፉ በፊት በነበረው ዋጋ ገዛና ቦታውን ለውሃውና ለሣሩ ተወው። በ2022 ደግሞ የግዛቱ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ 4.2 ቢሊዮን ዶላር ለአካባቢ ጥበቃ እንዲበደርለት ፈቀደ፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 1.1 ቢሊዮኑ ጎርፍን ለመቀነስና የተጎዳውን ተፈጥሮ ለመመለስ የተመደበ ነው።

እኛ እንዲህ ያለ ገንዘብ የለንም። ሆኖም ትምህርቱ የገንዘቡ ብዛት አይደለም፤ ትምህርቱ ሥርዓቱ ነው። በአገራችንም ቢሆን መንግሥት ለወንዝ ዳር ትልቅ ገንዘብ ሲያወጣ አይተናል። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የወንዝ ዳሮች 56 ኪሎ ሜትር ለማስዋብ 29 ቢሊዮን ብር የሚፈጅ ዕቅድ ወጥቶ፥ ለዚሁ ገንዘብ ለማሰባሰብ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት እራት ተዘጋጅቶ ነበር። የቻይና መንግሥትም ረድቷል። እራቱ ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ከተማ እራት ማዘጋጀት አይቻልም። ራቅ ብለው ያሉ ከተሞች የሚያስፈልጋቸው በየዓመቱ የሚታወቅ፥ በሕግ የተወሰነ ድርሻ ነው።

ሦስት ችግሮች

የመንግሥት ገንዘብ ቢመጣም ሦስት ነገሮች ካልተስተካከሉ ሥራው ግቡን አይመታም ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው የጊዜ ነገር ነው። የአገራችን የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ገንዘቡ የሚፈቀደው ክረምቱ በገባ ጊዜ ነው ማለት ነው። በክረምት በወንዝ ውስጥ ግንብ አይሠራም። ጨረታው ሲወጣና ሲታይ በጋው ያልፋል፤ ሥራው ሲጀመር የበልጉ ዝናብ ይደርሳል፤ ሰኔ 30 ሲሆን ደግሞ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ለወንዝ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ከዓመት ወደ ዓመት እንዲሻገር ቢፈቀድ፥ ጨረታውም በክረምቱ ወራት ቢያልቅ፥ ግንበኛው ከጥቅምት ጀምሮ ሥራውን ሊይዝ ይችላል።

ሁለተኛው የጥገና ነገር ነው። ግንብ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፤ ቦይ ሲጠረግ ግን ማንም አይሰበሰብም። የጋቢዮን ሽቦ ይዝጋል፤ ቦይም በፕላስቲክና በአሸዋ ይሞላል። ለመሥሪያ የሚሰጥ ገንዘብ ሁሉ ለመጠገኛ የሚሆን ድርሻ አብሮት ካልተመደበ፥ ዛሬ የተሠራው ከጥቂት ዓመት በኋላ ፍርስራሽ ይሆናል።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው የሰው ነገር ነው። በወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ገበያው እዚያ ስለ ሆነ፥ የቤት ኪራዩም ርካሽ ስለ ሆነ ነው። የቀን ሠራተኛን ከከተማ ውጭ ወስዶ ቤት ቢሰጡት፥ የትራንስፖርቱ ዋጋ የቀን ገቢውን ስለሚበላው ተመልሶ ወንዝ ዳር ይመጣል። ስለዚህ የወንዝ ዳር ሲለማ ድኻው የሚገፋበት፥ ባለጠጋው የሚናፈስበት እንዳይሆን፥ ለሚነሡት ሰዎች ከሥራቸው የማይርቅ ቤት መሥራት ከግንቡ ሥራ ተለይቶ መታየት የለበትም። በአንድ ዕቅድ ውስጥ፥ በአንድ በጀት ውስጥ መግባት አለበት።

ማጠቃለያ

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይባላል። ጎርፍ ካለፈ በኋላ የሚወጣ ገንዘብ ለድንኳን፥ ለብርድ ልብስና ለመቃብር ነው። ከጎርፍ በፊት የሚወጣው ግን ለዛፍ፥ ለእርከን፥ ለቦይና ለቤት ነው። ሁለቱም ከአንድ ግምጃ ቤት ይወጣሉ፤ ልዩነቱ በመካከላቸው ያለው የሰው ሕይወት ነው።

እኛ ተማሪዎች በጀት አንመድብም። ሆኖም ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ፥ የሒሳብ ሹም፥ የቀበሌ ሊቀ መንበር፥ የምክር ቤት አባል የሚሆን አለ። እስከዚያውም ድረስ ልናደርገው የምንችለው ነገር አይታጣም። በሰፈራችን ያለው ቦይ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እንወቅ፤ ሰኔ ሳይገባ ተጠርጎ እንደ ሆነ እንይ፤ ካልተጠረገ ለቀበሌው እንንገር፤ ጎርፍ በሌሊት ቢመጣ አረጋውያን ጎረቤቶቻችንን በየትኛው መንገድ ወደ ከፍታ እንደምናወጣቸው ከቤተ ሰቦቻችን ጋር እንመካከር። የደቻቱ አሸዋ ደረቅ በሆነበት ወራት ይህን ማሰብ እንደ ሞኝነት ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ለወንዙ የሚሠራው ሥራ ሁሉ መሠራት ያለበት አሸዋው ደረቅ ሳለ ነው።